ዓሣው ልጣጩን በላ፤ ግን አላደገም

ባሕር ዳር ላይ የፍራፍሬ ማቀነባበሪያ ማለት በአመዛኙ ጁስ ቤት ማለት ነው። ትልቅ ፋብሪካ አትጠብቁ። አንድ ፍሪጅ፣ ሁለት መፍጫ፣ በር ላይ የተደረደረ ማንጎና ፓፓያ፣ ከጓሮ ደግሞ ቢላዋ ከእጇ የማይለይ አንዲት ልጅ። ከዚያ ጓሮ በየቀኑ የሚወጣው ግን ቀላል አይደለም። ማንጎ ተልጦ ፍሬው ሲወጣ ከክብደቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው ይጣላል። አቮካዶም ልጣጩና ፍሬው ሲደመር ወደ ሲሶ ይጠጋል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ነገሩ ይበረታል። ወተቱና ሥጋው የቀረበት ሰው ከሰዓት በኋላ ስፕሪስ ይዞ ይቀመጣል። ጾሙ ሲያልቅ ደግሞ የማንጎው ወቅት ደርሶ ይጠብቃል። በዚህ ሁሉ ወራት የጁስ ቤት ጓሮ ዝንብና ጆንያ ነው።

እዚህ የማወራው ስለ አንድ ጁስ ቤትና ስለ አንድ የዓሣ ኩሬ ነው። ጁስ ቤቱ ከተማ ውስጥ ነው። ኩሬው በዘንዘልማ በኩል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ። ባለኩሬው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለጁስ ቤቷ የእህታቸው ልጅ ናት። ስማቸው እንዲጠቀስ አልፈለጉም። እሷ "ጋሼ" ነው የምትላቸው፤ እኔም እንደዚያው እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጣና አጠገብ ኩሬ መቆፈር

ጎረቤት መጀመሪያ የሳቀው በዚህ ነበር። የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ማርባት ምን ይሉታል? ጣና ከ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ውኃ ነው። ቆሮሶውም (ቲላፒያ የሚባለው)፣ አምባዛውም፣ ነጭ ዓሣውም ከዚያው ይወጣል።

ሐይቁ ግን የድሮው ሐይቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሞተር ጀልባ መረብ መጣል ከመጣ ወዲህ ጫናው በርትቷል። ክፉኛ የተጎዳው ነጭ ዓሣው ነው። እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ርብን ወደመሳሰሉ ወንዞች ሲወጣ፣ ወንዙ ሐይቁን የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ መረብ ይጠብቀዋል። ከዚህ ዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ቆሮሶ ግን ሌላ ነው። የተገደበ ውኃ ይችላል፣ ያገኘውን ይበላል፣ ቶሎ ይራባል። ለኩሬ የሚሆነው እሱ ነው። ጋሼም ጫጩቱን ከተማው ውስጥ ካለው የዓሣ ምርምር ማዕከል አመጡና ጀመሩ።

ኩሬ መቆፈር አንድ ጊዜ ነው። መኖ ግን በየቀኑ ነው። በዓሣ እርባታ ከሥራ ማስኬጃው ወጪ ከግማሽ በላይ የሚውጠው መኖ ነው፤ ይህ እኛ ጋ ብቻ ሳይሆን በብዙ አገር እንደዚሁ ነው። ጋሼ የሚገዙት ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ (ኑግ ዘይቱ ሲጨመቅ የሚቀረው) ነበር። ሁለቱንም ወተት ሻጩም በግ አድላቢውም ይፈልጋቸዋል። በዓል ሲቃረብ ዋጋው ይሰቀላል፤ ከበዓል በኋላም ተመልሶ አይወርድም።

እህታቸው ልጅ ዘንድ ጎራ ባሉ ጊዜ ነው ነገሩ የተነሳው። "ጋሼ፣ ይሄን ልጣጭ ለዓሣዎ አይወስዱትም? እኔ እኮ ለሚያነሱልኝ ልጆች እየከፈልኩ ነው" አለቻቸው። እሷ ከክፍያ ትገላገላለች፣ እሳቸው መኖ ያገኛሉ። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

እርጥቡ ልጣጭ

ልጣጩ በጆንያ ተሞልቶ በባጃጅ መጣ። ጋሼ በአካፋ እያነሱ ኩሬው ላይ በተኑት። ዓሣው ተሻማ። ልጣጩ ላይ የቀረውን ለስላሳ የማንጎ ሥጋ እየቆነጠረ ይበላል፣ ይጠልቃል፣ ተመልሶ ይመጣል። የቤቱ ሰው ሁሉ ዳር ቆሞ አየ። "ይኸው በላ!" ተባለ። እውነትም በላ።

የበላው ግን ሥጋውን ነው። ቆዳው ተንሳፎ ቆየና ጠርዙ እየተጠቀለለ ሰመጠ። በማግስቱ ሌላ ተጨመረበት። ጥቂት ቀን ሲያልፍ ውኃው አረንጓዴነቱን ለቆ ሻይ መሰለ። ዳሩ ላይ ነጭ አረፋ ያዘ። የኮመጠጠ ሽታም መጣ። ከዚያ አንድ ንጋት ላይ ዓሣው ሁሉ ላይ ወጥቶ አፉን ከፍቶ አየር ሲጎነጭ ተገኘ። የተወሰኑትም ሆዳቸው ወደ ላይ ዞሮ ነበር።

ጋሼ መጀመሪያ የጠረጠሩት መርዝ ነው። "ማንጎው ላይ መድኃኒት ተረጭቶበት ይሆናል" አሉ። ጥርጣሬው ከንቱ አይደለም፤ ገበሬ ለማንጎ ተባይ ኬሚካል ይረጫል፣ የሚረጨው የሚያርፈውም ልጣጩ ላይ ነው። ስለዚህ ልጣጭ ከየትም ይምጣ መታጠብ አለበት። የዚያን ቀኑ ገዳይ ግን ስኳር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማንጎ ልጣጭና የቀረበት ሥጋ ስኳር ይዟል። ስኳሩ ውኃ ውስጥ ሲሟሟ ባክቴሪያ ይራባበታል። ባክቴሪያው ሲራባ ኦክስጅን ይወስዳል። ቀን ቀን ኩሬው ውስጥ ያለው አረንጓዴ አልጌ በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ስለሚሠራ ጉድለቱ አይታወቅም። ሌሊት አልጌው ራሱ ተጠቃሚ ይሆናል። ስለዚህ ኦክስጅኑ ከሁሉ የሚያንሰው ጎሕ ሲቀድ ነው። በኩሬ ዳር ሌሊቱን ያላደረ ሰው የሚያየው የጠዋቱን ውጤት ብቻ ነው።

ቆሮሶ ታጋሽ ነው። ኦክስጅኑ በሊትር ወደ 1 ሚሊግራም ወርዶም ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል። መቆየት ግን ማደግ አይደለም። ከ3 ሚሊግራም በታች ሲሆን የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ የበላውም ሥጋ አይሆነውም። የኦክስጅን እጥረት የማይችል ዓሣ ቢሆን ኖሮ ያን ጠዋት ኩሬው ባዶ ይቀር ነበር።

ልጣጩ በመረብ ተለቅሞ ወጣ። ከውኃው የተወሰነው ተለቆ አዲስ ተጨመረ። መኖ ለጥቂት ቀን ቆመ። ኩሬው ሲያገግም ጋሼ ዓሣውን አወጡና አዩት። ልጣጭ ሲበላ የከረመው ቆሮሶ ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ወገቡ ቀጭን ሆኗል። ሆዱ ሞልቶ ነበር፤ ሰውነቱ ግን አልጨመረም።

ከመቶ ኪሎ ስንት ይቀራል?

መልሱን የሰጣቸው በዓሣ ሙያ የተመረቀ የሰፈር ልጅ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይህን ትምህርት የሚሰጠው እዚያው ዘንዘልማ ግቢ ስለሆነ እንዲህ ዓይነት ልጅ በሰፈሩ አይጠፋም። ከደብተር አንድ ገጽ ቀደደና ሒሳብ ሠራላቸው። ይህችን ሒሳብ ልጣጭ ለዓሣ ሊሰጥ ያሰበ ሰው ሁሉ ቢሠራት ጥሩ ነው።

እርጥብ የማንጎ ልጣጭ ከ70 እስከ 80 በመቶው ውኃ ነው። 80 እንበል። ከመቶ ኪሎ ልጣጭ ውስጥ ውኃ ያልሆነው 20 ኪሎ ብቻ ነው። ፀሐይ ላይ በደንብ ደርቆ 10 በመቶ ያህል እርጥበት ሲቀረው ሚዛን ላይ የሚወጣው 22 ኪሎ ገደማ ነው። ከደረቀው ውስጥ ፕሮቲኑ ከ3 እስከ 5 በመቶ ነው። 4 ብለን ብንይዝ፣ ከዚያ ሁሉ ጆንያ የሚገኘው ፕሮቲን አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም።

መቶ ኪሎ ፍሩሽካ ውስጥ ግን ወደ 16 ኪሎ ፕሮቲን አለ። መቶ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ውስጥ ከ30 ኪሎ በላይ አለ። በማደግ ላይ ያለ ቆሮሶ ደግሞ ከመኖው ውስጥ ከ25 እስከ 30 በመቶው ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ጫጩት ሲሆን ከዚህም በላይ።

ስለዚህ ልጣጭ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ሥጋ አይሠራም። ልጁ ይህን ሲል ጋሼ ዝም ብለው አዳመጡና "ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?" አሉት። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጣጭ የሚተካው ፋጉሎውን ሳይሆን ከፍሩሽካው የተወሰነውን ነው። ብራዚል ውስጥም የደረቀ የማንጎ ተረፈ ምርት ለቆሮሶ ሲሞከር በበቆሎ ቦታ ነው የገባው። በበቆሎ ቦታ ማለት በጉልበት ሰጪው ቦታ ማለት ነው።

ይህ የሚሆነውም ዓሣው ቆሮሶ ስለሆነ ነው። አንጀቱ ከቁመቱ ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ ከአልጌና ከዕፅዋት ለመኖር የተሠራ ሆድ ነው። ስታርችና ስኳር ይጠቀማል። አምባዛ ቢሆን ይህ ሁሉ ወሬ አይነሳም። ወደ ሥጋ በልነት ያደላል፣ አንጀቱም አጭር ነው።

መለየት የሚባለው ሥራ

ጁስ ቤት "ልጣጭ" ብሎ የሚሰጣችሁ ነገር አንድ ነገር አይደለም። ጋሼ መጀመሪያ የወሰዱት ጆንያ ውስጥ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ሎሚ፣ የአናናስ አክሊል፣ ስትሮ፣ ሶፍት፣ የተሰበረ ብርጭቆ ሳይቀር ነበር። ይህን ለዓሣ የሚያቀርብ ሰው ኩሬውን ቆሻሻ መጣያ አድርጎታል።

አቮካዶ መጀመሪያ ይወጣል። ልጣጩና ፍሬው ውስጥ ፐርሲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ለወፍ፣ ለፍየልና ለፈረስ መርዝ እንደሆነ የታወቀ ነው። ዓሣ ላይ ዕድል መሞከር ምን አስፈለገ? ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። ከመርዓዊ በኩል፣ ከቆጋ መስኖ የሚመጣው አቮካዶ እየበዛ ነው፣ ስለዚህ የጁስ ቤቱም ትልቁ ክምር እየሆነ የመጣው እሱ ነው። ያሳዝናል፤ ግን ቦታው ኮምፖስት ነው።

ሎሚና ብርቱካንም ይወጣሉ። ልጣጫቸው ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ዘይት መኖውን ያመረዋል። የአናናስ አክሊል ለላም ይሰጥ። የሚቀረው ማንጎና ፓፓያ ነው። ዘይቱን ሲገኝም ይገባል።

ፓፓያ ላይ አንድ ወሬ ተነሣ፤ እኔ በግሌ የወደድኩት ክፍል ይህ ነው። ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ትልቁ ችግሩ መራባቱ ነው። ገና በጥቂት ወሩ እንቁላል ይጥላል። ኩሬው በጫጩት ይሞላና ሁሉም ጣት ጣት አክሎ ይቀራል። የፓፓያ ፍሬ፣ ውስጡ ያለው ጥቁሩ ማለቴ ነው፣ ደግሞ የወንዱን ቆሮሶ ዘር የመስጠት አቅም ይቀንሳል የሚሉ ሙከራዎች አሉ፤ አንዱ ናይጄሪያ ውስጥ የተደረገ ነው። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። በነጻ የሚመጣ ነገር ሁለት ችግር ሊፈታ ነው! ልጁ ግን አልተስማማም። ትንሽ ከሆነ ምንም አይሠራም፣ ከበዛ ዓሣውን ይጎዳል፣ ስንት ግራም የሚለው በማንኪያ የሚለካ አይደለም። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። መራባት ለማስቆም የሚሻለው ወንድ ወንዱን ጫጩት ማግኘት ነው፤ ወንዱ ከሴቷ ፈጥኖ ያድጋልና። በመጨረሻ የፓፓያው ፍሬ ከነጭርሱ እንዲቀር ተስማሙ።

ይህን ሁሉ መለየት ያለበት ማን ነው? ጋሼ ቤት ከደረሰ በኋላ የተቀላቀለ ጆንያ መለየት የማይቻል ሥራ ነው። ስለዚህ ጁስ ቤቱ ጓሮ ሁለት ባልዲ ተቀመጠ። አረንጓዴው ለማንጎና ለፓፓያ፣ ጥቁሩ ለሌላው ሁሉ። ቢላዋ የያዘችው ልጅ እጇ ሳይዘገይ ወደ ሁለት አቅጣጫ መወርወር ለመደች። ለዚህ ሥራ ማንም ደመወዝ አልጨመረላትም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሸራ፣ ሙቀጫና ሥጋ መፍጫ

ልጣጩ በመጣበት ቀን መድረቅ አለበት። ካደረ ይፈላል። ይታጠባል፣ በጣት ውፍረት ይከተፋል፣ ሸራ ላይ በስሱ ይሰጣል። ቀትር ላይ ይገለበጣል። ማታ ይሰበሰባል፤ ጤዛ ከነካው የቀኑ ልፋት ከንቱ ነው። የደረሰ ልጣጭ እንደ ቋንጣ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ከተጎነበሰ ገና ነው። ጠርዙ ደርቆ መሐሉ ለስላሳ የሆነው ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ይሻግታል። ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመጣ ይችላል። በነገራችን ላይ በአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላሞች መኖ ሲመረመር አፍላቶክሲን በብዛት የተገኘው የኑግ ፋጉሎ ውስጥ ነው። ፋጉሎ ሲገዛ ማሽተትና ሰብሮ ማየት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከዚያ መፍጨት። ጋሼ የደረቀውን ልጣጭ ይዘው ወፍጮ ቤት ሄዱ። ባለወፍጮው አንድ እፍኝ ሞከረና አቆመ። የልጣጩ ስኳር ሲሞቅ ድንጋዩ ላይ ተጣበቀበት። "አባባ፣ ነገ ጤፍ የሚያስፈጭ ሰው ምን ይለኛል?" አላቸው። ልክ ነው። ስለዚህ ሥራው ወደ ሙቀጫ ዞረ። ጠዋት በብርድ ሲወቀጥ አይጣበቅም፤ ቀትር ላይ ሲወቀጥ ዘነዘናው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በወንፊት ይነፋል። ያላለፈው ለበግ ይሄዳል።

ልጣጩ ሳይጠበቅ የጠቀመው እዚህ ላይ ነው። ፍሩሽካና ፋጉሎ ብቻውን ውኃ ላይ ሲጣል ይበተናል፤ ዓሣው ከመብላቱ በፊት ግማሹ ይሟሟል። የማንጎ ልጣጭ ግን ፔክቲን አለው፤ ማርማላታ የሚያረጋው ያው ነገር ማለት ነው። በሙቅ ውኃ ተለውሶ በሥጋ መፍጫ ሲያልፍ ተያይዞ እንደ ክር ይወጣል። ክሩ ተቆራርጦ ሲደርቅ ውኃ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ሳይፈርስ ይቆያል። ያለ ዱቄት፣ ያለ ሌላ ማጣበቂያ። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ በዚህ ጉዳይ ውስጥ የልጣጩ ትልቁ ዋጋ ከጉልበት ሰጪነቱ ይልቅ ይህ ማጣበቁ ነው። ግን ይህም ልክ አለው። ፔክቲን ሲበዛ ዓሣው የበላውን በደንብ እንዳይፈጭ ያደርጋል።

ፕሮቲኑ የት ነበር?

ፕሮቲኑ ሐይቁ ዳር ተጥሎ ነበር። ቆሮሶ ተመትሮ ሲሸጥ፣ ከዓሣው ክብደት ለስላሳው ሥጋ ሲሶ ያህል ነው። የቀረው ጭንቅላት፣ አጥንት፣ ቆዳና ሆድ ዕቃ ነው። ዓሣ የሚወርድበት ቦታ የሄደ ሰው ፔሊካንና አባ ኮዳ ለምን ተሰልፎ እንደሚቆም ያውቀዋል። ቀድመውናል።

ጋሼ ይህን በባልዲ መሰብሰብ ጀመሩ። ጥሬውን ግን አይጥሉም። በርሜል ላይ ይቀቅሉታል፣ ያደርቁታል፣ ይወቅጡታል። መቀቀሉ ለወግ አይደለም። የጣና ዓሣ ሆድ ዕቃ ውስጥ ጥገኛ ትሎች አሉ፤ ከዓሣ ወደ ወፍ፣ ከወፍ ወደ ውኃ የሚዞሩ ናቸው። ያልበሰለ ሆድ ዕቃ ኩሬ ውስጥ መጨመር ይህን ዑደት ቤት ድረስ መጥራት ነው። የበሰለውና የደረቀው ዱቄት ግማሹ ያህል ፕሮቲን ነው።

ሽታውን መናገር አለብኝ። ጎረቤት አማሯል፣ ውሻ አጥር ሰብሯል። መቀቀያው ከቤቱ ርቆ ነፋስ ወደማይመልስበት ጥግ ሄደ። ይህን ሥራ በመሐል ከተማ የምታስቡ ካላችሁ ተዉት።

ከብዙ መለዋወጥ በኋላ የጸናው ቅልቅል ይህ ነው። ከመቶ ኪሎ ደረቅ መኖ 40 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 25 ኪሎ ፍሩሽካ፣ 20 ኪሎ የዓሣ ተረፈ ምርት ዱቄት፣ 15 ኪሎ የማንጎና የፓፓያ ልጣጭ። ፕሮቲኑን ደምሩት፦ ከፋጉሎው ወደ 13 ኪሎ፣ ከዓሣው 10፣ ከፍሩሽካው 4፣ ከልጣጩ ግማሽ ኪሎ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በጠቅላላው 27 በመቶ ገደማ። ቆሮሶ የሚፈልገው መሐል ላይ ነው። ልጣጩ በዚህ ውስጥ ከሰባት አንድ እጅ ትንሽ ቢበልጥ ነው።

መኖው በቀን ሁለቴ ይሰጣል። ረፋድ ላይና ከሰዓት በኋላ፣ ውኃው ሲሞቅና ኦክስጅኑ ሲመለስ። መጠኑ ከዓሣው አጠቃላይ ክብደት በቀን ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ግን ይቀነሳል። ባሕር ዳር ሞቃት ናት ብንልም ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ላይ ናት፣ የጥር ሌሊቷን የምናውቀው ነው። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ውኃው ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው። ከ20 ሲወርድ መብላቱ በጣም ይቀንሳል። በዚያን ጊዜ የሚጣል መኖ እንደ መጀመሪያው ልጣጭ ታች ይሰምጥና ይበሰብሳል።

ውጤቱስ? ከዚህ ቅልቅል የበላው ቆሮሶ በፍሩሽካና በፋጉሎ ብቻ ካደገው የጎረቤት ኩሬ ዓሣ ያነሰ አልነበረም። ልጣጩን ለብቻው ካየነው ግን አልበለጠምም። የበለጠ ነገር ካለ የመጣው ከዓሣው ዱቄት ነው። የልጣጩ ጥቅም የሚገዛው ፍሩሽካ ማነሱ ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ "ቆሻሻን ወደ ዓሣ" የሚል ወሬ ደስ ይላላ። እኔ ግን በዚህ ልክ ተነግሮ በዚህ ልክ ቢሠራበት እመርጣለሁ። በግና ላም ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ደግሞ ልጣጩን ለእነሱ ስጥ ነው የምለው። የሚያመሰኳ ከብት ሆድ ቃጫ ይፈጫል፤ የዓሣ ሆድ ያን ያህል አይችልም።

እምቦጭንስ ለምን አትሞክሩም የሚለኝም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ጣና ላይ የተንሰራፋውን አረም ለዓሣ መኖ ማድረግ የብዙ ሰው ሕልም ነው። የልጣጩን ሒሳብ እሱም ላይ ሥሩት። እምቦጭ ከዘጠና በመቶ በላይ ውኃ ነው። የሚደርቀውን ስታስቡት ሸራው ራሱ አይበቃም።

ክረምት ሲገባ

ባሕር ዳር በዓመት ከምታገኘው ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ማንጎው ገና ሳያልቅ ፀሐዩ ያልቃል። ሸራ ላይ የተሰጣ ልጣጭ በሐምሌ አይደርቅም፤ ትል ያፈራል።

መፍትሔው በርሜል ነው። ልጣጩ ታጥቦ ይከተፋል፣ ውኃው ይንጠፈጠፋል፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ በእግር እየተረገጠ ይጠቀጠቃል። አየር እንዳይቀርበት ላዩ በላስቲክ ተሸፍኖ ድንጋይ ይጫንበታል። ማንጎ የራሱ ስኳር ስላለው ሞላሰስ አይፈልግም። ስኳሩ ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጣል፣ አሲዱ ብስባሹን ያቆማል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲከፈት ሽታው ጎምዛዛና ንጹሕ ከሆነ ተሳክቷል። የበሰበሰ ዕንቁላል ከሸተተ ወደ ኮምፖስት። የመጀመሪያው በርሜል ክዳኑ ስለላላ ወደ ኮምፖስት ሄዷል። ሁለተኛው ተሳካ። የተሳካውም ቢሆን በቀጥታ ኩሬ ላይ አይጣልም፤ ከደረቁ መኖ ጋር ተለውሶ በትንሹ ነው የሚሰጠው። አለዚያ ያው የስኳሩ ታሪክ ይመለሳል።

ሌላም መታየት ያለበት አለ። ኩሬው ሲለወጥ የሚወጣው ውኃ ወዴት ይሄዳል? የጋሼ ኩሬ ውኃ መጀመሪያ በቦይ ወርዶ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ይፈስ ነበር። በውስጡ የዓሣ ኩስና ያልተበላ መኖ አለ፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ማለት ነው፣ እምቦጩ የሚፈልገው ያንኑ ነው። አሁን ውኃው ወደ ማንጎና ጎመን ማሳቸው ዞሯል። ይህን ማንም አላስገደዳቸውም። በጣና ዳር ኩሬ የሚቆፍር ሁሉ ግን ቢገደድ አልጠላም።

ባልዲው ዋጋ ሲያወጣ

መጀመሪያ ልጣጩ ነጻ ነበር። ከዚያ ሌሎችም ሰሙ። በግ አድላቢ መጣ፣ ላም ያላት ሴት መጣች። ሁሉም የሚፈልገው የተለየውን አረንጓዴውን ባልዲ ነው፤ ጥቁሩን የሚጠይቅ የለም። ቢላዋ የያዘችው ልጅም ነገሩ ገባት። "እኔ ነኝ የምለየው፤ የባልዲው ይከፈለኝ" አለች። ባለጁስ ቤቷ አጎቷንና ሠራተኛዋን አስቀምጣ አስማማች። ጋሼ ትንሽ አጉረመረሙ፤ ግን ከፍሩሽካው ጋር ሲያስተያዩት አሁንም ያዋጣል።

ክፍያው በዓሣ ነው። በየሳምንቱ የተወሰነ ቆሮሶ ለልጅቷ ይሄዳል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ ገበያው ግን በጾም ይደራል። ጋሼም በዐቢይ ጾም ዓሣው ለገበያ ስለሚፈለግ ክፍያው በብር ይሁን አሉ። ልጅቷ አልተስማማችም፤ በጾም ዓሣ የሚወደድ ከሆነ እሷም ሸጣ መጠቀም ትፈልጋለች። እስከ አሁን እዚህ ላይ ነው የቆሙት።